የማንችስተር ንብ፦ አርማው ለማን ነው የተሣለው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንችስተር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኳስ ነው። ቀይ ነህ ሰማያዊ? ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ክርክር ይሄዳል። ከተማዋ ግን ሁለቱም ክለቦች ሳይመሠረቱ በፊት ያገኘችው፣ ዛሬ ቀዩም ሰማያዊውም ደጋፊ "የኔ ነው" የሚለው አንድ መለያ አላት። ንብ። በመንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ላይ ንብ፣ በአውቶቡስ ላይ ንብ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ወለል ላይ ንብ፣ በሰው ክንድ ላይ ሳይቀር የተነቀሰ ንብ።

ዛሬ የዚህችን ንብ ታሪክ ላውራችሁ። ለምን መሰላችሁ? በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ ብዙ ከተሞች "ንቦችንና ሌሎች አበባ የሚያዳቅሉ ነፍሳትን እንጠብቅ" እያሉ ግድግዳ ይሥላሉ፣ ቅርጻ ቅርጽ ያቆማሉ፣ ሎጎ ያሠራሉ። ጥሩ ነው። ግን ሥዕሉ ነፍሳቱን በእርግጥ ይጠቅማቸዋል ወይ? ወይስ ደስ የሚለው እኛን ብቻ ነው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከማንችስተር የተሻለ የታሪክ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

አርማው የመጣበት ዓመት

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ማንችስተር በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ የጥጥ ፋብሪካዎች ሞሉባት። በ1801 ወደ 75 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝቧ በ1851 ወደ 300 ሺህ ደረሰ። በአንድ ሰው ዕድሜ አራት እጥፍ ማለት ነው። "የጥጥ ከተማ" የሚል ቅጽል ስምም ወጣላት።

ይህን ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ግን እስከ 1832 ድረስ በፓርላማ የራሷ ተወካይ አልነበራትም። ኦገስት 16 ቀን 1819 ወደ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ውክልና ለመጠየቅ በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ተሰበሰበ። ፈረሰኛ ጦር ሰይፍ መዝዞ ገባበት። 18 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከአራት ዓመት በፊት በዋተርሉ ናፖሊዮንን ያሸነፈው ሠራዊት አሁን በገዛ ወገኑ ላይ ዘመተ ለማለት ሕዝቡ ቦታውን በምፀት "ፒተርሉ" አለው። ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

በ1838 ከተማዋ የራሷን ምክር ቤት አገኘች። በ1842 ደግሞ አርማ ተፈቀደላት። አርማው ላይ ምን አለ? ጋሻው ላይ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ አለች፤ ንግድ ማለት ነው። ከጋሻው በላይ የምድር ሉል አለ፤ በሉሉ ላይ ሰባት ንቦች ሰፍረዋል። ከሥር በላቲን የተጻፈው መሪ ቃል "በምክርና በሥራ" እንደ ማለት ነው።

መልእክቱ ግልጽ ነው። እኛ እንደ ንብ ታታሪዎች ነን፤ የሥራችን ውጤት ዓለምን ያዳርሳል።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። "እኛ" ያለው ማነው? አርማውን ያስፈቀደው ምክር ቤት የነጋዴውና የባለ ፋብሪካው ነው። ንብ የተባለችው ግን ከንጋት እስከ ምሽት ማሽን ሥር የምትውለው ሴት፣ ክር የሚቀጥለው ሕፃን ልጅ ነው። በነገራችን ላይ ሠራተኛ ንቦች በሙሉ ሴቶች ናቸው፤ በጥጥ ፋብሪካዎቹም ሴቶችና ልጆች ብዙውን ቦታ ይዘው ነበር። አርማውን የሠሩት ይህን አስበውት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ገጥሟል።

ንብ ደግሞ ለአሠሪ የምትመች ምልክት ናት። ደመወዝ ጨምሩልኝ አትልም። ማሩን ሲወስዱባት እንደገና ትሠራለች። የማንችስተር ሰው ግን ንብ አይደለም። አርማው በተሰጠበት በዚያው በ1842 ኦገስት ላይ የደመወዝ ቅነሳ ያስመረራቸው ሠራተኞች ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞሩ የእንፋሎት ማሞቂያውን ውታፍ እየነቀሉ ማሽኑን አቆሙ። በእንግሊዝ ታሪክ ከታዩት ትልልቅ የሥራ ማቆም አድማዎች አንዱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ አንድ የ22 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት አባቱ ድርሻ ባለበት የጥጥ ድርጅት ሊሠራ ማንችስተር ገባ። ፍሬድሪክ ኤንግልስ ይባላል። በከተማዋ ያየውን የሠራተኛ ኑሮ በ1845 በመጽሐፍ አወጣው።

አንድ ዓመት፣ ሦስት ነገር፦ የንብ አርማ፣ የሠራተኛ አድማ፣ የኤንግልስ መምጣት። የታሪክ ፈተና የማወጣ ብሆን "በሦስቱ መካከል ያለውን ግንኙነት አብራራ" ብዬ 10 ማርክ እሰጥበት ነበር።

ንቧ አርማ ላይ፣ የእሳት እራቷ ዛፍ ላይ

አሁን ስለ እውነተኛ ነፍሳት እናውራ።

አርማው ከተሰጠ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1848፣ በማንችስተር አንዲት ጥቁር የእሳት እራት ተመዘገበች። ዝርያዋ በተለምዶ ነጣ ያለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ክንፍ ነው ያለው። በቀን የዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፋ ስትውል ቅርፊቱን የሸፈነው ነጣ ያለ ሽበት ደብቋት ወፍ አያያትም። የፋብሪካው ጭስ ግን የዛፉን ሽበት ገደለው፤ ቅርፊቱን ጥላሸት ቀባው። ነጯ እራት ከሩቅ የምትታይ ሆነች፤ ወፍ ለቀማት። ጥቁሯ ተረፈች፣ ወለደች፣ በዛች። በ1895 በማንችስተር አካባቢ ከዚህ ዝርያ 98 በመቶው ጥቁር ነበር።

ይህን ታሪክ የባዮሎጂ መምህራን ለዝግመተ ለውጥ ምሳሌነት ያስተምሩታል። እኔ ደግሞ ለታሪክ ትምህርት እዋሰዋለሁ። ምክር ቤቱ በወረቀት ላይ ነፍሳትን በወርቅ ቀለም ይሥላል፤ የምክር ቤቱ አባላት ፋብሪካ ደግሞ በዛፍ ላይ ነፍሳትን በጥላሸት ይቀባል። አርማውንና ጥላሸቱን የሠራው አንድ እጅ ነው። ቅርፊቱ ቀስ በቀስ እየጠራ፣ ነጭ እራቶችም እየበዙ የመጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። እራቷን የመለሳት ሥዕል አይደለም፤ ሕግ ነው።

ወለሉ ላይ ያሉት ንቦች

በ1877 ማንችስተር አዲስ ማዘጋጃ ቤት መረቀች። አልፍሬድ ዋተርሃውስ የሚባል አርክቴክት የሠራው ግዙፍ ሕንፃ ነው። ከትልቁ አዳራሽ ውጭ ያለው ወለል በሞዛይክ የተነጠፈ ሲሆን፣ በሞዛይኩ ላይ ንቦች ተበትነዋል፤ ዙሪያውን የጥጥ አበባ ይከባቸዋል። ቦታውን ሰዉ "ንቦቹ" እያለ ነው የሚጠራው።

ንብና የጥጥ አበባ። ለዓይን ይስማማሉ። ግን ያ ጥጥ ከየት ነበር የሚመጣው? እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ድረስ አብዛኛው በባርነት ከሚሠሩ ጥቁሮች እጅ ነው የሚመጣው። ጦርነቱ ሲነሣና የደቡብ ወደቦች ሲዘጉ ጥጥ ጠፋ፤ በማንችስተርና በአካባቢዋ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሰው ተራበ። በዚያ ርሃብ መሐል፣ በ1862 የመጨረሻ ቀን፣ የማንችስተር ሠራተኞች ተሰብስበው ለፕሬዚዳንት ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ። ባርነት ይቅር አሉ። ሊንከን በጃንዋሪ 1863 መልስ ጻፈላቸው። ዛሬ ማንችስተር መሐል የሊንከን ሐውልት የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አያችሁ፣ አርማው ላይ ያለችው ንብ ዝም ብላ ትሠራለች። አርማው የቆመላቸው ሰዎች ግን ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ስለ ሌላ ሰው ነፃነት ተናገሩ። በኋላ ዘመን የከተማዋ ሰው ንቧን "የኛ ናት" ማለቱ እንዲህ ያለ ታሪክ ስላለው ይመስለኛል። ምልክት የሚሞላው በሰዎች ሥራ ነው።

ከማንችስተር እስከ አራት ኪሎ

ስለ ምልክትና ስለ ማንችስተር ከተነሣ ለእኛ የምትቀርብ አንዲት ሴት አለች። ሲልቪያ ፓንክረስት። አዎ፣ የኛዋ። በአራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈችው። ስለ ኢትዮጵያ በጋዜጣዋ ስትሟገት የኖረችው።

ሲልቪያ በ1882 የተወለደችው ማንችስተር ነው። ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ነገር ደግሞ አለ፦ ሙያዋ ሥዕል ነበር። በማንችስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምራለች። እናቷ ኤመሊን ፓንክረስት ለሴቶች የመምረጥ መብት ይታገል የነበረውን ማኅበር ሲመሩ፣ የማኅበሩን መልክ ከሠሩት እጆች ዋናዋ ሲልቪያ ናት። የአባልነት ካርዱን፣ መለከት የሚነፋውን መልአክ፣ ሆሎዌይ እስር ቤት ገብተው ለወጡ ሴቶች የሚሰጠውን ሜዳልያ መሰል ጌጥ ንድፍ አውጥታለች። በ1909 ለተደረገው ኤግዚቢሽን የሻይ ስኒው ላይ ሳይቀር መልአኳ ታትሟል። ማኅበሩ ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም ነበረው፤ ያንን ቀለም ያየ ሰው ማን እየመጣ እንደሆነ ከሩቅ ያውቃል።

ዛሬ "ብራንዲንግ" የምንለው ይኼው ነው። አንድ ምልክት፣ ጥቂት ቀለም፣ በሁሉም ቦታ ሳይለዋወጥ መደጋገም። የሲልቪያ ሥራ ክብደት ያገኘው ግን ከምልክቱ ኋላ ሰው ስለነበረ ነው። ጌጧን ደረቷ ላይ ያደረገች ሴት እስር ቤት ገብታ ነው ያገኘችው። ከገበያ አልገዛችውም።

ይህን መለኪያ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከሐዘን ወደ አደባባይ

ሜይ 22 ቀን 2017 ማታ በማንችስተር አሬና የሙዚቃ ኮንሰርት ሲያልቅ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈነዳ። 22 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። በቀጣዮቹ ቀናት በከተማዋ የታየው ምልክት ንብ ነው። ግድግዳ ላይ ተሣለ፣ ልብስ ላይ ታተመ። ንቅሳት ቤቶች ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ በ50 ፓውንድ ንብ እንነቅሳለን አሉ፤ ሰው ተሰለፈ። በ1842 ለባለ ፋብሪካ የተሣለችው ንብ በ2017 የለቅሶ ምልክት ሆነች።

በቀጣዩ ዓመት፣ ከጁላይ 23 እስከ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2018፣ "ንብ በከተማ" እንደ ማለት ያለ ስም የተሰጠው ትልቅ የአደባባይ ጥበብ ሥራ ተካሄደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅርጽ ይዘጋጃል፤ ሁሉም ንቦች በመጠንም በቅርጽም እኩል ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ሠዓሊ በራሱ ሐሳብ ያስጌጠዋል። ድርጅት ስፖንሰር ያደርጋል። 101 ግዙፍ ንቦች በየአደባባዩ፣ በየፓርኩ ቆሙ፤ በትምህርት ቤት ልጆችና በወጣቶች የተሠሩ ከመቶ በላይ ትናንሽ ንቦችም ታከሉ። ቤተሰብ ካርታ ይዞ ከንብ ወደ ንብ እየሄደ ከተማውን ያስሳል። በመጨረሻ ንቦቹ በጨረታ ተሸጡ፤ ከ1.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገኘ፤ ገንዘቡም ለከተማዋ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገባ።

ዘዴው አዲስ አልነበረም። ዙሪክ በ1998፣ ቺካጎ በ1999 በላም ቅርጽ ሠርተውታል። የሚሠራበትም ምክንያት ግልጽ ነው፦ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ከሩቅ ትለየዋለህ፤ ጌጡ ስለሚለያይ ደግሞ ቀጣዩን ለማየት ትጓጓለህ።

ንብ የከተማዋ መታወቂያ መሆኗ ቀጠለ። በ2023 የታላቋ ማንችስተር አውቶቡሶች በሕዝብ ቁጥጥር ሥር መመለስ ሲጀምሩ ቢጫና ጥቁር ተቀቡ፤ የትራንስፖርቱም ስም "የንብ መረብ" ተባለ።

ታዲያ ንቧስ?

ልብ ብላችሁ ካነበባችሁ እስካሁን አንድም ጊዜ ስለ አበባ አላነሣሁም፤ ከጥጥ አበባ በቀር። የማንችስተር ንብ በ1842 ሥራ ናት፤ በ2017 ሐዘንና አንድነት፤ በ2018 በጎ አድራጎት፤ በ2023 አውቶቡስ። ነፍሳቷ ራሷ የለችበትም። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። የ2018ቱ ገንዘብ ለሰው ነው የተሰበሰበው፤ ለሰው ዋለ። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ከተማ ይህንን መልክ ቀድቶ "ለነፍሳት ነው" ሲል ነው።

የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ ካልደረሰ ብዙ ተክል አያፈራም። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ግምገማ እንዳለው በዓለም ላይ ከሚመረቱ ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በመጠኑም ቢሆን እንስሳት በሚያደርጉት ማዳቀል ይጠቀማሉ። ይህን የሚሠሩት ማር የምንቆርጥላት ንብ ብቻ አይደለችም። በዓለም ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ። በብሪታንያ ብቻ ወደ 270 ይጠጋሉ፤ ከእነዚህ ማር ሰጪዋ ንብ አንዷ ዝርያ ብቻ ናት። አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፣ አውራ የላቸውም፤ ለየብቻቸው አፈር ቆፍረው፣ የሸምበቆ ቀዳዳ ፈልገው የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ላይ ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ ሲጨመር ብዛቱን አስቡት።

ሎጎ ላይ የምትሣለው ግን ሁልጊዜ ያቺው አንዷ ናት። ቢጫና ጥቁር፣ ሁለት ክንፍ፣ ከጀርባዋ የማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን። ውጤቱ ምንድነው? ሰው "ንብ ላድን" ብሎ ሲነሣ ቀፎ ይገዛና ጣሪያ ላይ ይሰቅላል። በ2020 የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም ያወጣው ዘገባ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፦ በከተማ አበባ ሳይጨመር ቀፎ ብቻ ሲበዛ የማር ንቦች የዱር ንቦችን ምግብ ይሻማሉ። ሥዕሉ የተሳሳተች ነፍሳት ስላሳየ ሰዉም የተሳሳተ ሥራ ሠራ ማለት ነው። አርማ ቀልድ አይደለም። ሰው ያየውን ነው የሚያድነው።

ለንቧ ራሷ የተሣለ ሥዕል

ሥዕልና ንብ በእውነት የተገናኙበት አገር ስሎቬንያ ነው። እዚያ ገበሬዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀፏቸውን የፊት ሳንቃ በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ተጠብቆ የተገኘው ጥንታዊው በ1758 የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ የቅዱሳን ታሪክ፣ አዳኙን ቀብረው የሚያለቅሱ የዱር አራዊት፣ የሴት ምላስ በሞረድ የሚስል ሰይጣን፣ ያልሣሉት የለም። ከ600 በላይ የሥዕል ዓይነት ተቆጥሯል።

ሥዕሉ ሁለት ሥራ ነበረው። ባለቤቱ ቀፎዎቹን ይለይበታል፤ ጎን ለጎን በተደረደሩ ቀፎዎች መሐል ንቧም ቤቷን እንድትለይ ያግዛታል። በኋላ ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ሳይንቲስት ባለቀለም ካርድ ላይ የስኳር ውሃ እያስቀመጠ ባደረገው ሙከራ ንብ ሰማያዊና ቢጫን እንደምትለይ፣ ቀይን ግን ከጥቁር እንደማትለይ አሳየ፤ ውጤቱን በ1914 አሳተመ። ንብ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃንም ታያለች። ስለዚህ ለሰው ዓይን ብለን የምናሳምረው ደማቅ ቀይ ግድግዳ ለንቧ ጨለማ ነው።

ከዚያው አገር የወጣው አንቶን ያንሻ በ1734 ተወለደ። ሥዕል ሊማር ቬየና ሄደ፤ በመጨረሻ ግን በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ዘመን የንብ እርባታ መምህር ሆኖ ተሾመ። ሠዓሊ ነበር፣ የንብ አስተማሪ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ ሜይ 20 የዓለም የንብ ቀን እንዲሆን የወሰነው ከእሱ ልደት ጋር አያይዞ ነው። መጀመሪያ የተከበረው በ2018 ነው፤ ማንችስተር 101 ንቦቿን ባቆመችበት በዚያው ዓመት።

በእኛ ዘመን ይህንን መንገድ የተከተሉ አሉ። የኔዘርላንዷ ዩትሬክት በ2019 የ316 አውቶቡስ መጠበቂያዎቿን ጣሪያ ለነፍሳት የሚሆን ዝርግ ተክል አለበሰች። ሰው ከሥር አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ንብ ከላይ ትቀስማለች። አርማው መጠበቂያው ራሱ ነው። አሌክሳንድራ ዴዚ ጊንስበርግ የምትባል የብሪታንያ አርቲስት ደግሞ በሰው ሳይሆን በነፍሳት ፍላጎት የአትክልት ቦታ ንድፍ የሚያወጣ የኮምፒውተር ስልት አሠርታ፣ መጀመሪያ በእንግሊዙ ኤደን ፕሮጀክት፣ ቀጥሎም በለንደንና በበርሊን ተተከለ። እሷ "ሥራዬ" የምትለው ሥዕሉን አይደለም፤ የበቀለውን ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

እኛ ንብን ከማንም አንዋሰውም። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ እናቱም "ንብ ንግሥናውን ዐወቀ" አለች የሚለውን ትውፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ከማንችስተር አርማ በፊት ስንት መቶ ዓመት!

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ ግን ላሊበላ አይደለም። ዘንድሮ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ልጆች ከአጥሩ ሥር አበባ ለመትከልና አጥሩ ላይ የነፍሳት ሥዕል ለመሣል ተነሥተዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታ ስሥል ስለሚያዩ አርማውን ንድፍ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ያለው ብር ለሁሉም አይበቃም። ቀለም ከተገዛ ለችግኝና ለውሃ ጎማ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ገሚሱ "መጀመሪያ ሥዕሉ ይታይና ሰው ይርዳን" ይላል፤ ገሚሱ "ደረቅ አፈር ላይ ንብ ሥለን ማንን ልናታልል ነው?" ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ክርክሩ ሲጋጋል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ጣዝማስ ንብ አይደለችም እንዴ? ለምን እሷን አንሥልም?" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልክ ነበረች። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት የኛው ንብ ናት። ማንም ሎጎ ላይ አያውቃትም። ኑጋችን ራሱ ሌላ ተክል ላይ የበቀለ ብናኝ ካልደረሰው ጥሩ አድርጎ አያፈራም፤ ያንን የሚያደርሱት እነዚህ ነፍሳት ናቸው።

እስካሁን የተስማማንባቸውን ልጻፍላችሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤትም ይጠቅም ይሆናል።

1. ብሩ መጀመሪያ ለችግኝና ለውሃ ይውላል። አደይ አበባ፣ ግራዋ፣ ጤና አዳም፣ ጥቂት ኑግ። ሥዕሉ አበባው ሲይዝ ይከተላል። የሲልቪያን ጌጥ አስታውሱ፤ ምልክቱ ከሥራው በኋላ ነው የተሰጠው።

2. በአርማው ላይ የምትሣለው እዚህ ግቢ ልትገኝ የምትችል ነፍሳት ትሁን። የማር ንብ ትኑር፤ ብቻዋን ግን አትሁን። ጣዝማ፣ ቢራቢሮ፣ የእሳት እራትም ይጨመሩ።

3. ቅርጹ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በከሰል ሊሥለው የሚችል ቀላል ይሁን። በሁለት ወይ በሦስት ቀለም ይለቅ። ሁሉም ክፍል ያንኑ ቅርጽ በራሱ መንገድ ያስጊጥ፤ ይህን ከማንችስተር ወስደናል።

4. ከአጥሩ ሥር ሳይኮተኮትና ሲሚንቶ ሳይደረግበት የሚቀር ባዶ አፈር ይኑር። መሬት ቆፍረው ለሚኖሩት ነው። ቦታው "ሰነፍ ቦታ" እንዳይባልብን አርማው እዚያ ጋ ይሣላል።

5. ከሥዕሉ አጠገብ በአማርኛ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ ውሃ የሚያጠጣው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ እዚህ ፀረ ተባይ እንደማይረጭ። ቃሉ ካልተጠበቀ አላፊ አግዳሚው አንብቦ እንዲወቅሰን።

አምስተኛዋ ላይ ገና እየተከራከርን ነው። አንዳንድ ልጆች "ክፍላችን ስሙ ተጽፎ አበባው ቢደርቅ እንዋረዳለን" ይላሉ። እኔ ደግሞ የወደድኩት ለዚሁ ነው። የማንችስተርን አርማ ያሠሩት ሰዎች ከሥሩ "ይህ ጭስ የእኛ ነው" ብለው ስማቸውን ቢጽፉ ኖሮ እራቷ መቶ ዓመት ትጠብቅ ነበር?

እናንተ ምን ትላላችሁ? በየአካባቢያችሁ አበባ ላይ ሲያርፉ የምታዩአቸውን ነፍሳት በሰፈር ስማቸው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የአገር ቤት ስም ያላቸውን ለልጆቹ እየሰበሰብኩ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ስማቸው ይገባል። ግብርና የምታውቁ ደግሞ በበጋ አበባ የማያቋርጥ ተክል ካለ ጠቁሙን፤ ከጥር በኋላ ግቢው ጭር ስለሚል ተቸግረናል።

ቸር ይግጠመን።